ድምፅህን አትላክ

ጥቅምት 8

ለድንቢጥ እናት፣

እንደተስማማነው ስልኩን ትቼ ይኸው ብዕር አነሳሁ። ልክ ነሽ። እኔ እዚህ ሆኜ «ድንቢጥዬ» ስል፣ እሷ ድምፄን ሰምታ ቁም ሣጥኑን ከፍታ ስትፈልገኝ፣ ከዚያም በሩ ላይ ቆማ እስኪመሽ ስትጠብቀኝ… ይህን የነገርሽኝ ቀን ስልኩን ዘግቼ እጄ ላይ እንደያዝኩት ቀረሁ። ሰውየው ሳይመጣ ድምፁ ብቻ ሲመጣ ለእሷ ማታለል ነው። «ድምፅህን አትላክ» ብለሻል፤ እሺ፣ አልልክም። ወረቀትን ማንም ሣጥን ውስጥ አይፈልገውም።

ስለ ጤናዬ ለጠየቅሽኝ፣ እኔ ደህና ነኝ፤ የዛለው ምላሴ ነው። ቀኑን ሙሉ በሰው ቋንቋ ሳወራ እውልና ክፍሌ ስገባ መንጋጋዬን እንደ ጫማ ማውለቅ ያምረኛል። ክፍሏ ከላውንደሪ ቤት በላይ ናት። ማሽኖቹ ሲሽከረከሩ ወለሉ ይሞቃል፣ አልጋዬም ትንሽ ትንሽ ይንቀጠቀጣል። እሑድ ሲዘጉ ዝምታው ይቀሰቅሰኛል። ከሰው ጋር የምኖር የሚመስለኝ በልብስ ማጠቢያ ድምፅ ነው ብልሽ ትስቂብኛለሽ። ሳቂ።

ከተማሪዎቹ መካከል ወንድ እኔ ብቻ ነኝ፤ ሽበት ያለኝም እኔ ብቻ። መጀመሪያ ቀን ስገባ አስተማሪው መስያቸው ደብተር ገለጡ። ስሜን አንዷም በትክክል አትጠራውም፤ የሚማሩት ደግሞ ስለ ድምፅ ነው! አሁን «አባባ» ይሉኛል። ትርጉሙን የነገርኳቸው እኔው ነኝ፤ ጥፋቱ የራሴ ነው።

አንዲት «ማ» ከአፍ እንድትወጣ ስንት ጡንቻ ተባብሮ እንደሚሠራ ባሳይሽ፣ ሰው ሁሉ ዲዳ ሆኖ አለመቅረቱ ይገርምሻል። ሐኪሙ «ኦቲዝም ነው፤ የንግግር ሕክምና ያስፈልጋታል» ብሎን ትንሽ ቆይቶ «በከተማችን ግን ባለሙያው የለም» ያለን ቀን ትዝ ይልሻል? ሁለት ዓመት ነው። ስሄድ አምስት የነበረች ልጅ ስመለስ ሰባት ትሆናለች። ባለሙያው እኔ ሆኜ እመጣለሁ ብዬሻለሁ፤ ቃሌን አላጥፍም።

ትበላለች? ትተኛለች? አንቺስ ብቸኝነቱ እንዴት ነው? ትንሹንም ጻፊልኝ።

አባቷ


ኅዳር 3

ለድንቢጥ አባት፣

«ትንሹንም» ስላልክ በትንሹ ልጀምር።

ትበላለች፤ ግን ነጭ ነገር ካልሆነ አትነካም። ሩዝ፣ ድንች፣ ከእንቁላል ነጩን። አስኳሉ የኔ ነው፤ በዚህ ከቀጠለች የምወፍረው እኔ ነኝ። ትተኛለች፤ ግን ጀርባዬን ስሰጣት ነው። ፊቴን ካዞርኩባት ትነሳለች። ጀርባ ለጀርባ ተያይዘን እናድራለን፤ የሚያየን ሰው ኩርፊያ ላይ ያሉ ባልና ሚስት ይለናል።

እኔ ላቦራቶሪ ተረኛ ስሆን እህትህ ትመጣልኛለች። እድሜ ይስጣት። ራዲዮናችንን ግን ታውቃታለህ፤ ወሬዋን ደረጃው ላይ ጀምራ፣ ስትወጣም ደረጃው ላይ ነው የምትጨርሰው። ድንቢጥ ጆሮዋን ይዛ ጠረጴዛ ሥር ትገባለች። እህትህ ምን ታደርጋለች? ጎንበስ ብላ እዚያው ጠረጴዛ ሥር ትቀጥልላታለች።

ስለ ብቸኝነት ላልከው፣ ሥራ ቦታ ቀኑን ሙሉ የሰው ደም በማይክሮስኮፕ ሳይ እውላለሁ። ሰዎቹን አላያቸውም። ቤት ስመጣ ደግሞ ልጄን አያታለሁ፤ ውስጧን አላየውም። መልስ ከሆነልህ ይሁንህ።

ስልኩ ከቀረ ወዲህ ቀኑን ሙሉ በር ላይ መቆሟ ቀርቷል። አሁን የምትቆመው አንተ አስተምረህ ከትምህርት ቤት ትመለስበት በነበረው ሰዓት ብቻ ነው። አልከለክላትም። ወንበር አውጥቼ አጠገቧ ሹራብ እሠራለሁ። ሁለታችንም የምንጠብቀው ያለን እንመስላለን።

በስልክ የጠየቅኩህን የብርድ ልብስ ነገር ዝም ብለህ አለፍከው። ይበቃሃል ወይስ አይበቃህም?

እናቷ


ጥር 12

ለድንቢጥ እናት፣

ብርድ ልብሱ ይበቃኛል። ከሥር ላውንደሪ፣ ከላይ ብርድ ልብስ፤ እንደ ዳቦ ነው የምጋገረው።

የዘገየሁት የተግባር ልምምድ ጀምሬ ነው። አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መደቡኝ፤ የሰጡኝ ክፍል ቀድሞ የመጥረጊያና የባልዲ ማስቀመጫ ነበር። «ክ»ን «ት» የምትል ልጅ አለችኝ። በእኛ ቋንቋ ቢሆን «ካልሲ» ለማለት «ታልሲ» ትላለች እንደማለት ነው። ምላሷ ከየት እንደሚነሳ በመስታወት አሳየኋት፣ አፌን ከፍቼ የራሴን ጉሮሮ አሳየኋት፣ አንድ ላይ እንደ ቁራ ጮኽን። አንድ ቀን «ክ» አለች! ደስታዬን አልነግርሽም። በሳምንቱ እናቷ መጣችና፣ «ድምፁስ ተስተካክሏል፣ እናመሰግናለን። ግን ልጄ ለምንድነው አሁን እንደ እርስዎ የምታወራው? አያቷ ከየት አገር መጣሽ ይሏታል» አለችኝ። አሰልጣኛችን ሳቋ አላቆም ብሎ ወንበር ያዘች። እኔም አብሬ ሳቅኩ። ክፍሌ ስገባ ግን ሳቁ አብሮኝ አልገባም።

አሁን ዋናውን ስሚኝ። እኛ ድንቢጥን የምትናገርበት ምክንያት አሳጥተናታል። ገና ሳትጠማ ውሃ፣ ገና ሳይበርዳት ሹራብ። ሰው የሚናገረው ሲጎድልበት ነው። ስለዚህ ኩባያዋን ከማትደርስበት ቦታ አስቀምጪው። ፊቷ ፊት ሁኚ፣ ጠብቂ፣ አትቅደሚያት። ድምፅ ብታወጣ፣ በጣቷ ብትጠቁም፣ ዓይንሽን ብታይ፣ ያን ጊዜ ወዲያው ስጫት። እባክሽ አንድ ሳምንት ሙሉ ሞክሪው። የሆነውን ሁሉ ጻፊልኝ፤ ለትምህርቴም ይጠቅመኛል።

አባቷ


የካቲት 2

ለድንቢጥ አባት፣

«ለትምህርቴም ይጠቅመኛል።» ደጋግሜ አነበብኩት።

እንግዲያው ለትምህርትህ ይጥቀምህ። ኩባያዋን መደርደሪያው ላይ ሰቀልኩት። መጥታ ሥሩ ቆመች። ኩባያውን አየች፤ እኔን አላየችኝም። እኔ ተንበርክኬ፣ ጥርሴን ገልጬ፣ እንደ ሞኝ እጠብቃለሁ። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። አላለቀሰችም፤ ዞር ብላ ሄደች። ከሰዓት በኋላ ልብስ ላጥብ ስገባ፣ ከተዘፈዘፈው ልብስ ባልዲ ውስጥ በመዳፏ እየጨለፈች ስትጠጣ አገኘኋት። የሳሙና ውሃ፣ የድንቢጥ አባት። የሳሙና ውሃ።

እኔን ከምትጠይቅ ሳሙና መጠጣት ቀለላት። አፏን አጠብኩላት። ኩባያውን አውርጄ ወለሉ ላይ አስቀመጥኩት፤ ከእንግዲህ ቦታው እዚያ ነው። ልጄን አስጠምቼ ቃል አላወጣባትም። ይህን የተማርክበትን መጽሐፍ የጻፈው ሰው ለመሆኑ ልጅ አለው?

እኔ የምፈልገው ባል ነው። የቤት ሥራ የሚሰጠኝ ካስፈለገኝ የማታ ትምህርት እመዘገባለሁ።

ሌላ ወሬ የለም። የበሩን ቁልፍ አስለወጥኩ፤ ከላይም መቀርቀሪያ አስጨመርኩ። እህትህ ሰላም ብላሃለች፤ የቀረውን ወሬዋን ይህ ወረቀት አይችለውም።

እናቷ


የካቲት 27

ለድንቢጥ እናት፣

ይቅርታ አድርጊልኝ። ከኋላው «ግን» አላስከትልም።

አሁን ያለሁት ሆስፒታል ነው። የምሠራበትን ክፍል ልንገርሽ። አንዱ ግድግዳ መስታወት ነው፤ ከእኔ በኩል ራሴን አያለሁ፣ ከወዲያ በኩል አሰልጣኟ እኔን ታያለች። ጆሮዬ ውስጥ ትንሽ ማዳመጫ አለ፤ በእሱ ታናግረኛለች። በሽተኛዬ ሽማግሌ ግንበኛ ናቸው። ስትሮክ መቷቸው ቃላቸው ጠፍቷል። ሐሳባቸው አልጠፋም፤ ዕቃውን ያውቁታል፣ ምን እንደሚሠራ ያውቁታል፣ ስሙ ግን ምላሳቸው ጫፍ ላይ ይቀርባቸዋል። የመዶሻ ሥዕል አሳየኋቸው። «መ… መ…» አሉ፤ ላብ ግንባራቸው ላይ ችፍ አለ። አላስቻለኝምና «መዶሻ!» አልኩላቸው። ጆሮዬ ውስጥ «ዝም በል» አለችኝ። የመጋዝ ሥዕል አነሳሁ። እንደገና ቀደምኳቸው። «ዝም በል።» ሦስተኛው ላይ ሽማግሌው ራሳቸው እጃቸውን አንስተው አፌን ሊይዙኝ ምንም አልቀራቸው።

ሲያበቃ አሰልጣኟ፣ «ሰው ሊናገር አፉን ሲከፍት ለምንድነው የምትፈራው?» አለችኝ። ማዳመጫውን አውልቄ ሰጠኋት። መንገድ ላይ ግን አንቺ ትዝ አልሽኝ። ከተጋባን ጀምሮ አንቺ የጀመርሽውን ነገር የምጨርስልሽ እኔ ነኝ። «ዛሬ ሥራ ቦታ…» ስትይ፣ «ያቺ አለቃሽ ነች አይደል?» እያልኩ። ፍቅር ይመስለኝ ነበር።

ስለዚህ አንድ ነገር ልጠይቅሽና ዝም ልበል። የበሩን ቁልፍ ለምን አስለወጥሽ?

አባቷ


መጋቢት 15

ለድንቢጥ አባት፣

ቁልፉ አርጅቶ ነው። ድንቢጥ ደህና ናት። ሥራ በዝቶብኛል፤ ሌላ ጊዜ ሰፋ አድርጌ እጽፋለሁ።

እናቷ


መጋቢት 30

ለድንቢጥ እናት፣

ያን ቁልፍ ልመጣ ስል የገጠምኩት እኔ ነኝ፤ አላረጀም። መቀርቀሪያውን ደግሞ ከላይ ነው ያስጨመርሽው። ሌባ ከውጭ ነው የሚመጣው፤ ከላይ የሚደረግ መቀርቀሪያ ከውስጥ ለሚወጣ ትንሽ ሰው ነው።

የሆነው ምንም ይሁን፣ እኔ እዚህ ተቀምጬ ከምገምተው አይብስም። አልቸኩልብሽም። በቻልሽ ጊዜ ንገሪኝ።

አባቷ


ሚያዝያ 20

ለድንቢጥ አባት፣

እሺ።

ስለ ሳሙናው ከመጻፌ በፊት በነበረው ሳምንት ነው። ያን ጊዜ የተቆጣሁህ በሳሙናው ብቻ አልነበረም።

ከሥራ ገብቼ ቦርሳዬን አስቀመጥኩ፤ በሩ ገርበብ ብሎ ቀርቷል፤ እኔ ነኝ ያልዘጋሁት። ዞር ስል የለችም። እየጠራኋት ሮጥኩ። መንገዱ መሐል ቆምኩ፤ ብጠራት ማን አቤት ይለኛል? አጥር ሥር ቁጭ ብላ ብትሰማኝ እንኳ መልስ አትሰጠኝም። ሰው ሁሉ «ስሟ ማነው?» ይለኛል። ስሟ ምን ይሠራል? በመጨረሻ የማገኘውን ሁሉ «ዝም ያለች ልጅ አይታችኋል?» እያልኩ ጠየቅኩ። ፖሊሱ ምን እንደለበሰች ሲጠይቀኝ ጠፋኝ። ጠዋት ያለበስኳት እኔ ነኝ፤ ጠፋኝ።

አውቶቡስ ተሳፍራ ነበር። ከሹፌሩ ኋላ ተቀምጣ መጨረሻው ድረስ ሄዳለች። ሰው ሁሉ ወርዶ እሷ ቀረች። ሹፌሩ በኋላ እንደነገረኝ፣ «ማን ልበል? ቤታችሁ የት ነው? እማማ የት አለች?» ቢላት ዝም። «ያኮረፈች መስሎኝ ከረሜላ ገዛሁላት» ይላል። ከረሜላው ቀይ ነበር፤ አልነካችውም። ከዚያ ለቲኬት ቆራጩ «አፏ ባይነግረን እግሯ ይነግረናል» አለውና አውቶቡሱን አዙሮ በመጣበት መንገድ ተመለሰ። በየፌርማታው በሩን ከፍቶ ይጠብቃታል። አትነቃነቅም። ይዘጋል፣ ይሄዳል። እንዲህ ሲል ሲል አንዱ ጋ ብድግ ብላ ወረደች፤ ተከተላት።

የወረደችው ቤታችን ጋ አይደለም። አንተ ታስተምርበት የነበረው ትምህርት ቤት ጋ ነው።

ዘበኛው ነው የለያት። «የባዮሎጂው አስተማሪ ልጅ አይደለችም እንዴ?» ብሎ ደወለልኝ። ስደርስ የዘበኛው ወንበር ላይ ተቀምጣ እግሯን ታወዛውዛለች። የመማሪያ ክፍሎቹ ሁሉ ተዘግተው ነበር።

ለምን አልነገርሽኝም ትለኛለህ። ብነግርህ ጥለኸው ትመጣለህ፣ ዕድሜ ልክህን «ባንቺ ምክንያት» የማትለኝ ነገር ሆኖ መሐላችን ይቀመጣል ብዬ ፈራሁ። አሁን ግን ደክሞኛል። ለፍርሃትም አቅም ያስፈልጋል። እስከ ዛሬ ና ብዬህ አላውቅም።

ና።

እናቷ


ግንቦት 10

ለድንቢጥ እናት፣

ደብዳቤሽን ይዤ አሰልጣኟ ዘንድ ሄድኩ፤ ልሄድ ነው አልኳት። አንብብልኝ አለችኝና በቃሌ ተረጎምኩላት። የዘበኛው ወንበር ጋ ስደርስ ወረቀቱን አጠፍኩት። እሷም፣ «ልትሄድ ትችላለህ፤ ማንም አይፈርድብህም። ግን ወንበርህ ለሌላ ይሰጣል፤ የተማርከውም ሳይቆጠር ይቀራል» አለችኝ።

ሻንጣዬን አልጋው ላይ ከፍቼ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ብመጣ የምመጣው ግማሽ ሙያ ይዤ ነው፤ ግማሽ ሙያ ደግሞ የሳሙና ውሃ ያጠጣል፣ አይተናል። እንዲህ ሳስብ መቅረቴ ልክ ይመስለኛል። ደብዳቤሽን መልሼ ሳነበው ልክ አይመስለኝም። ሁለቱም አይለቁኝም።

አልመጣም። ይህን ቃል ካንቺ ደብዳቤ የመጨረሻ ቃል አጠገብ ሳስቀምጠው ምን እንደሚመስል አውቃለሁ።

የሥዕል ካርዶች በሣጥን ልኬያለሁ። መናገር የማይችል ልጅ የሚፈልገውን ነገር ሥዕል አንስቶ ለሰው ይሰጣል፤ ሰውየውም ዕቃውን ይሰጠዋል። የቤት ሥራ አይደለም። ከፈለግሽ ብቻ።

አባቷ


ሰኔ 28

ለድንቢጥ እናት፣

ደብዳቤ አልመጣልኝም። ፖስታው ዘግይቶ ይሆናል። ካርዶቹ ደረሱ?

አባቷ


ነሐሴ 19

ለድንቢጥ እናት፣

ፖስታው እንዳልዘገየ ገብቶኛል።

ግንበኛው ዛሬ ያለ ሥዕል፣ ያለ እኔ እገዛ፣ አንድ ሙሉ ቃል አወጡ። የሚስታቸው ስም ነው። ሚስታቸው ከሞቱ ቆይተዋል፤ የሰማሁት እኔ ነኝ። ለማን እንደምነግር ሳጣ ላንቺ ጻፍኩት።

አባቷ


ጥቅምት 1

ለድንቢጥ እናት፣

እህቴ ጋ ደወልኩ። ደህና ናቸው አለችኝና ስለ ጎረቤታችሁ ጣሪያ ማፍሰስ ሰፊ ማብራሪያ ሰጠችኝ። ደህና መሆናችሁ ይበቃኛል ብዬ ልጽፍልሽ ነበር፤ ውሸት ስለሆነ ተውኩት።

አባቷ


ኅዳር 21

ለድንቢጥ አባት፣

መጀመሪያ ዝም ያልኩህ ልቀጣህ ነው፤ አልዋሽህም። በኋላ ግን ዝምታው ለመደኝ። ዝም ማለት እንዴት እንደሚያሳርፍ ገባኝ፤ ድንቢጥን ያን ሰሞን ነው በትንሹ የተረዳኋት።

ካርዶችህ ደርሰዋል። «ኩባያ» ያልከው ቀይ ነው፤ ጆሮም አለው። ድንቢጥ አየችውና ወረወረችው። የሷ ሰማያዊ ነው፣ ጆሮም የለው። ልክ ናት እኮ፤ ያ ኩባያ የማን ነው? አልጋውም የእኛን አልጋ አይመስል፣ በሩም የማናውቀው በር ነው። ሁሉንም ጠርዝ ለጠርዝ ደርድራ ሥራ ጨረስኩ ብላ ሄደች። ሣጥኑን ዘጋሁት።

ክረምቱን እኔው ራሴ መሣል ጀመርኩ። በተማሪነቴ በማይክሮስኮፕ ያየነውን ሁሉ በእርሳስ ያስሥሉን ነበር፤ ያየሁትን ብቻ መሣል እችላለሁ። የሷን ኩባያ ሣልኩ። የኛን ቧንቧ፣ ጎኑ ላይ ካለው ዝገት ጋር። ድንቹን። ሹራቧን። ዝርግ መዳፍ ሥዬ «በቃ» ይሁን አልኩ፤ መዳፉ የኔ ነው። ሁሉንም በገመድ አስሬ ወገቧ ላይ አንጠለጠልኩላት። ሳምንታት ሙሉ እንደ ጌጥ ይዛው ዞረች።

ባለፈው እሑድ እህትህ መጣች። የዘመድ ሠርግ ላይ ማን ማንን እንዳኮረፈ ስትነግረኝ፣ ድንቢጥ ከጠረጴዛው ሥር ወጣች። ገመዷን ፈታ አንዱን ካርድ መረጠች፣ ሄዳ የእህትህ እጅ ላይ አስቀመጠች።

«በቃ።»

የልጃችን የመጀመሪያ ቃል ይኸው ነው። ስንጠብቀው ለኖርነው ነገር ሁሉ «በቃ»! እህትህ ካርዱን እያገላበጠች፣ «በሕይወቴ እንዲህ በጨዋ ደንብ ዝም ያሰኘኝ ሰው የለም» ብላ እውነትም ዝም አለች። እኔ ወጥ ቤት ገብቼ ሳቅኩ፤ ከዚያ ሳቁ ወደ ሌላ ተለወጠብኝ።

አንድ ነገር ደብቄ ደብዳቤውን አልዘጋም። በር ላይ መቆም ትታለች። የተወችበትን ቀን አላየሁትም። አንድ ቀን እንደ ልማዴ ወንበሬንና ሹራቤን ይዤ ወጣሁ፤ ብቻዬን ተቀመጥኩ።

እናቷ


ሰኔ 2

ለድንቢጥ እናት፣

ጨረስኩ። ከኅዳር ወዲህ በጻፍሽልኝ ደብዳቤዎች ጉልበት ነው የጨረስኩት፤ ትምህርት ቤቱ ግን ወረቀቱን በኔ ስም ሰጠኝ። በምረቃው ቀን ስሜ ሲጠራ (አሁንም አልቻሉበትም) ልጆቹ በአንድ ድምፅ «አባባ!» ብለው ጮኹ። የሁሉም ወላጆች ዞረው የማን አባት እንደሆንኩ ፈለጉ።

ሆስፒታሉ አንድ ዓመት እንድቀጥል ጠይቆኝ ነበር። አይ አልኳቸው። አንቺን ሳልጠይቅ የምወስነው የመጨረሻው ነገር ይሁንልኝ።

በሚቀጥለው ወር መጀመሪያ እገባለሁ። የት? ቤት ልምጣ ወይስ እህቴ ዘንድ ልረፍ? በሁለቱም አልቀየምም። እንደ ቀድሞው ቢሆን መልሱን እኔው ጽፌልሽ ነበር። አሁን ጠይቄ ዝም ብያለሁ።

አባቷ


ሰኔ 16

ለድንቢጥ አባት፣

ቤት ና። እህትህ ዘንድ ብታርፍማ በሳምንቱ አንተም ካርድ ያስፈልግሃል።

ግን ስማኝ። አንተ በገባህ ማግስት እኔ እህቴ ዘንድ እሄዳለሁ፤ ለሦስት ሳምንት። መሥሪያ ቤት ፈቃድ ወስጃለሁ። ጥዬህ መሄዴ አይደለም። ቂምም አይደለም፤ ቂም ቢሆን እዚሁ ቁጭ ብዬ እወጣብህ ነበር። መተኛት እፈልጋለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ጆሮዬን ከፍቼ ነው ያደርኩት።

ምናልባት አታውቅህም። ምናልባትም አውቃህ ተቆጥታ ይሆናል፤ ለይቼ ልነግርህ አልችልም። ስትገባ አትጥራት። እንዳታቅፋት። ወንበር ስበህ ተቀመጥ። ነጭ ምግብ። ካርዱን ስትሰጥህ በዚያው ቅጽበት እሺ በላት፤ አንድ ጊዜ እሺ ካላልካት ሁለተኛ አታናግርህም። የተማርከውን በተቻለ መጠን በር ላይ አራግፈህ ግባ።

እኔስ አውቅሃለሁ ወይ ብለህ ብትጠይቀኝ፣ እሱንም እንተያይ።

እናቷ


ሐምሌ 17

ለድንቢጥ እናት፣

እህትሽ እሷ ዘንድ በሰላም መግባትሽን ነግራኛለች። በገባሽ ቀን ከምሳ እስከ ማግስቱ ምሳ ተኛሽ አለች። ጎሽ።

ያለችንን አንዲት ማታ አንቺም እኔም እንደ እንግዳ ተግደርድረን አሳለፍናት። ስትመለሺ እንጀምረዋለን፤ አሁን ስለ ልጃችን ልንገርሽ።

እንዳልሽኝ ተቀመጥኩ። እንደ ቤት ዕቃ ዞራኝ አለፈች። በቀጣዩም ቀን እንዲሁ። አንቺ ከሄድሽ ወዲህ ያናገረችኝ በአንድ ቃል ብቻ ነው፤ እሱም መዳፍሽ ነው። ሳዜም «በቃ»። ወንበሬን ስስብ «በቃ»። አንድ ቀን ዝም ብዬ እያየኋት «በቃ» ብላ ካርዱን ጉልበቴ ላይ ጣለችው። እሺ ብዬ ወደ ግድግዳው ዞርኩ። የሰጠኋትን ድንች እኔ ከክፍሉ ካልወጣሁ አትነካውም፤ ስለዚህ ምሳችንን እሷ ጠረጴዛ ላይ፣ እኔ ደረጃ ላይ እንበላለን። ጎረቤቶች ባልየው ከመጣ ወዲህ ደረጃ ላይ ነው የሚበላው ብለው ይስቃሉ።

የከተማችን ሆስፒታል አንድ ክፍል ሰጥቶኛል፤ አንቺ ስትመጪ እጀምራለሁ። እህቴ ወሬውን ነዝታው እናቶች ከወዲሁ ልጆቻቸውን ይዘው ደጃፍ ይመጣሉ። እንዲጠብቁኝ እነግራቸዋለሁ። የገዛ ልጄ ገና አልተቀበለችኝም አልላቸውም።

ዛሬ ጠዋት ሩዝ ስቀቅል ከጎኔ መጣች። አላየችኝም። የእጄን አንጓ በሁለት ጣቷ፣ ከመሬት የወደቀ ነገር እንደሚያነሱ አድርጋ ያዘችው። አነሳችኝ፣ ተከተልኳት። ዶቃዎቿ ያሉበት ማሰሮ ክዳኑ ጠብቆባታል፤ እጄን ወስዳ ክዳኑ ላይ አስቀመጠችው።

መጽሐፎቼ ይህን ንግግር አይሉትም። ልጁ በሰው እጅ እንደ መሣሪያ ተጠቀመ ይላሉ፤ እንዳትከፍትለት፣ መጀመሪያ ዓይንህን እንዲያይ አድርግ ይላሉ። ሁለት ዓመት የተማርኩት ይህን ነው። ክዳኑን ይዤ ጠበቅኩ። ዓይኔን አላየችም። እጄን ነበር የምታየው። ከፈትኩላት።

ከሰው ሁሉ የእኔን እጅ መረጠች ብዬ ልጽፍልሽ ነበር፤ እርግጥ ነው፣ ቤቱ ውስጥ ሌላ እጅ አልነበረም።

ዶቃዎቹን ወለሉ ላይ ዘረገፈቻቸውና ቁጭ አለች። እኔ እጄን እንደዘረጋሁ ቀርቻለሁ፤ ምን እንደማደርግበት አላወቅኩም። ቆየት ብላ ተነሳች። አንጓዬን እንደገና በሁለት ጣቷ ይዛ መለሰችኝ፣ ወንበሬ ላይ አስቀመጠችኝ፣ እጄን ጉልበቴ ላይ አሳረፈችው፣ ጣቶቼንም አንድ በአንድ አስተካከለች። ኩባያዋን ቦታው ላይ ስትመልስ እንደምታደርገው ነው፤ የሷ የሆነ ዕቃ ሁሉ ቦታ ቦታ አለው።

እስኪያስፈልጋት ድረስ እጄን ከዚያ አላነሳሁትም። ሩዙ አረረ።

አትቸኩይ። ተኚ።

አባቷ